የሰንሰለት ቅዳሜ

ለንደን፣ ሆሎዌይ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የካውንስል የኪራይ ቤቶች ሕንጻ ግቢ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ያለ ሰው ገብረመድኅንን ተንበርክኮ ያገኘዋል። የሚጸልይ የመሰላቸው ጎረቤቶች ነበሩ። አንዲት አዲስ ገቢ አሮጊትማ በፊቱ ላለማለፍ ብላ ሕንጻውን ዞራ በሌላው በር ገብታለች። እሱ ግን የሞተሩን ሰንሰለት እየጠረገ ነበር።

ገብረመድኅን ስድሳውን ካለፈ ቆይቷል። መንበርከኩንስ ይንበረከካል፤ ችግሩ መነሣቱ ላይ ነው። ዕድሜውን የፈጀው ሞተር ሳይክል ላይ ነው። በጉልምስናው ካምደን ካሉት ቢሮዎች ፖስታ እየተቀበለ ከተማውን ሲያዳርስ፣ ኋላ ደግሞ ከሆስፒታል ሆስፒታል የደም ናሙና ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ወጣ። አላገባም። ሊያገባ ነበር የሚል ወሬ አለ፤ ወሬውን ያስወራው ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ሥራውን ሲተው ሞተሩን አልተወም። ያንን አሮጌ ሞተር የሚነዳው በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው፤ የሚያጥበውና የሚቀባው ግን ነገ እንግሊዝን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥበት እንደሆነ ሁሉ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር ሳይክል ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚደርስበት መንገድ አለ። በብዙዎቹ ላይ እንደ ብስክሌት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ሜዳ ላይ ውሎ ሜዳ ላይ ስለሚያድር አቧራውንም ዝናቡንም ይጠጣል። ካልጠረጉት ይዝጋል፣ ካልቀቡት ይጮኻል፣ ካልወጠሩት ይላላል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን በሰንሰለት ፈንታ፣ ብረት ቱቦ ውስጥ የተሸሸገ ዘንግ ይሽከረከራል። ሻፍት ይሉታል። ሻፍት ከባድ ነው፣ ውድ ነው፤ ግን ባለቤቱን አያስቸግርም። አልፎ አልፎ ዘይቱን ከቀየሩለት ባለቤቱን ቀብሮ ይኖራል።

ገብረመድኅን የሰንሰለት ሰው ነው። ጓደኛው ተክለአብ የሻፍት ሰው ነበር። ሁለቱ የተዋወቁት በወጣትነታቸው፣ ክሮይደን፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ወረፋ ላይ ነው። ገብረመድኅን ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ሰሜን ለንደን ወጣ። ተክለአብ እዚያው ክሮይደን ቤት ተከራይቶ ቀረ፤ “ወረፋው አልለቀቀኝም” እያለ ይቀልድ ነበር። ሁለቱም ሞተር ገዝተው ፖስታ ማመላለስ ጀመሩ። ክርክሩም ያኔ ተጀመረ፤ ሰላሳ ዓመት አለፈው፤ አንዱም አንዱን አላሳመነም።

“አንተ የሰንሰለት አሽከር!” ይለዋል ተክለአብ። “በዚህ ዘመን ሰው ቅዳሜውን ብረት ሲቀባ ይውላል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ሻፍት ግዛና ተገላገል። ሻፍት ሰው አይፈልግም።”

“ሰንሰለት ሲታመም ይናገራል፤” ይላል ገብረመድኅን ቀና ሳይል። “ይጮኻል፣ ይላላል። ታየዋለህ፣ ትደርስለታለህ። ያንተ ሻፍት አፉን ዘግቶ ኖሮ አንድ ቀን መንገድ መሐል ቀጥ ይላል።”

“እስኪ ያ ቀን ይምጣና እናያለን።”

ይህ ሁሉ የሚባለው ቅዳሜ ጠዋት፣ በገብረመድኅን ግቢ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ገብረመድኅን ራሱ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አልጠየቀውም እንጂ። ምንም ጣጣ የሌለበት ባለ ሻፍት ሰው፣ በዝናብም በብርድም የቴምዝን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከክሮይደን ሆሎዌይ ድረስ ሰንሰለት ሲቀባ ለማየት ለምን ይመጣል?

መልሱ ቀላል ይመስል ነበር፤ ሊገፋ ነው የሚመጣው።

ድሮ የገብረመድኅን ሞተር ድርብ መቆሚያ ነበረው። ድርብ መቆሚያ ማለት በሞተሩ ሆድ ሥር የሚታጠፍ ባለ ሁለት እግር ብረት ነው። እሱን ረግጠው ሞተሩን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የኋላ ጎማውም ከመሬት ይነሣል። ያኔ አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ በአንድ እጁ ጎማውን እያሽከረከረ በሌላው ሰንሰለቱን ይቀባል። አንድ መስከረም ላይ ግን ተክለአብ ከሞተሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና፣ “ብየዳው ተሰንጥቋል። አንድ ቀን እግርህ ላይ ይጥልሃል” አለ። ተክለአብ አገር ቤት እያለ ብየዳ የሠራ ሰው ስለሆነ ቃሉ ይታመናል። እዚያው ፈታውና፣ “መንገዴ ላይ እጥለዋለሁ” ብሎ ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለሞተሩ የቀረችው የጎን መቆሚያ ብቻ ናት። ጎማው መሬት ላይ ነው፤ አይሽከረከርም። ሰንሰለቱን ዙሪያውን ለመቀባት ሞተሩን ትንሽ ገፋ፣ መቀባት፣ ደግሞ ትንሽ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ከሠራው መንበርከክ፣ መነሣት፣ መግፋት፣ እንደገና መንበርከክ ነው። ሁለት ሰው ካለ ግን አንዱ ከታች ብሩሹን ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። ገብረመድኅን፣ “ፈቀቅ!” ይላል። ተክለአብ ይገፋል። “በቃ!” ይላል። ተክለአብ ይቆማል። በመሐል ሻፍት ይወደሳል፣ ሰንሰለት ይሰደባል። ሲያልቅ ዋናው መንገድ ላይ ካለችው የቱርክ ካፌ ሄደው እንቁላል ይበላሉ፤ ጾም ከሆነ ባቄላ በዳቦ። ተክለአብ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል።

ገብረመድኅን አንድ ጊዜ ጎማ ማንሻ ሊገዛ አስቦ ነበር። ከኋላ ገብቶ ጎማውን የሚያነሣ፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲሠራ የሚያስችል ዕቃ ነው። ለተክለአብ ሲነግረው ተክለአብ ፊቱ ልውጥ አለ።

“እኔ ከበድኩህ?”

“ኧረ ለአንተ ብዬ ነው! ከክሮይደን ድረስ ስትንከራተት…”

“ተንከራተትኩ አልኩህ? ለዚህች ለዚህች ደግሞ ዕቃ ይገዛል?” አለና ያን ዕለት እንቁላሉን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። ገብረመድኅን ግራ ገባው። ሐሳቡንም ተወው። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቅዳሜ፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል፣ “ዛሬስ ምነው በቀረ” የሚልበት ጊዜ ነበር። ጓደኛው እየረዳው እንደሆነ ያስባል፤ መረዳት ደግሞ ይከብደዋል።

ባለፈው ክረምት ተክለአብ ሲገፋ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ። “ጀርባዬን ነው” ይላል። አንድ ቅዳሜ የሞተሩን ወንበር ተደግፎ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ገብረመድኅን ከታች ሆኖ የጫማውን ጫፍ ብቻ እያየ፣ “ፈቀቅ” አለ፤ ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛ አላለም። “ምን ሆንክ?” ብሎም አልጠየቀም። እንደነሱ ያሉ ወንዶች ሞተር ሲንኳኳ ከመንገድ ማዶ ይሰማሉ፣ ወንድማቸው ሲያቃስት ግን ሌላ ወሬ ያነሣሉ።

ከዚያ ሄራን ደወለች። ሄራን የተክለአብ ልጅ ናት፣ አንድ ልጁ። እናቷ ቀድማ ስላረፈች ብቻውን ነው ያሳደጋት። አባቷ ሆስፒታል መግባቱን፣ ሕመሙንም ከዓመት በላይ ደብቆት እንደኖረ ነገረችው። ገብረመድኅን ሲደርስ ተክለአብ አልጋው ውስጥ አንሶ፣ ግን ዓይኑ እንደ ድሮው እየሳቀ ነበር።

“ሻፍቱን ውሰደው፤” አለው። “ከእንግዲህ የሚያዋጣህ እሱ ነው። ሰው አይፈልግም።”

“ያንተን ሻፍት ከምነዳ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል።”

ተክለአብ ሳቀ፤ ሳሉ አቋረጠው። ገብረመድኅን ለጓደኛው የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነበር፤ ቀልድ። በሳምንቱ ቀበሩት።

ከቀብሩ በኋላ ቅዳሜ መጣ። ቅዳሜ ምን ታደርገዋለህ፤ ሰው ሞተ ብሎ አይቀርም። ገብረመድኅን ካርቶኑን አነጠፈ፣ ተንበረከከ፣ ብሩሹን ላምባ ውስጥ ነከረ፣ የፊቱን ጠርጎ ቀባ። ከዚያ፣ “ፈቀቅ” አለ።

አፉ ነው ያለው። ግቢው ውስጥ ማንም ስላልነበረ ማንም አልሰማም። ወንበሩን ይዞ እያቃሰተ ተነሣ፣ ገፋ፣ ተንበረከከ፣ ቀባ፣ ተነሣ፣ ገፋ። ከዚያ ጉልበቱ እምቢ አለ። የሰንሰለቱ እኩሌታ ተቀብቶ እኩሌታው ደረቅ ሆኖ ቀረ። ካፌው ሲሄድ ባለቤቱ፣ “ጓደኛህስ?” ብሎ ጠየቀው። “ክሮይደን ነው፤ ሥራ በዝቶበት” አለ። ይህን ለምን እንዳለ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ወደ ካፌው አልተመለሰም፤ ውሸቱን መድገም ይሆንበታል።

ሳምንታቱ እንዲህ አለፉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንኳ ልምድ አለው፤ ሬድዮ ይሰማል፣ ገበያ ይወጣል፣ በአውቶቡስ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ቅዳሜ ነው የሚገድለው። ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የደጁን ድምፅ ይሰማል፤ በድሮው ሰዓት የሻፍቱ የታፈነ ድምፅ ወደ ግቢው ሲታጠፍ የሚሰማው ይመስለዋል። የሌላ ሰው ሞተር ነው። በመጨረሻ ቆረጠ። የግቢው ማቆሚያ ለአንድ ሞተር ብቻ ስለሚበቃ ባለ ሰንሰለቱን ሊሸጥ፣ ሻፍቱን ሊወስድ ወሰነ። ተክለአብ አሸነፈ፤ ሞቶም ቢሆን አሸነፈ። ለብቻው ለሚኖር ሰው ሰው የማይፈልግ ሞተር ነው የሚሻለው። ለሄራን ደውሎ ነገራት፤ እሷም አርባው ካለፈ በኋላ ቅዳሜ ቁልፉን ይዛ እንደምትመጣ ነገረችው።

መጣች። ትከሻዋን የሚያጎብጥ ቦርሳ ይዛ፣ ከምድር ባቡሩ ወርዳ በእግሯ። ገብረመድኅን ለመጨረሻ ጊዜ ሊቀባው ብሎ ሞተሩ አጠገብ ካርቶኑን አንጥፎ ነበር።

“ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?” አለች። አክብሮቷ ሙሉ ነው፤ ድምጿ ግን ቀዝቃዛ ነው።

“ደህና ነኝ ልጄ። ግቢና ሻይ ላፍላልሽ።”

“አይ፣ ሶሪ፣ ብዙ አልቆይም።” ቁልፉን ሰጠችው። ከዚያ ቦርሳውን አስቀምጣ በአሮጌ ሸሚዝ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። “ይሄንን ደግሞ አባቴ ጋራዡ ጥግ ላይ ነበር ያስቀመጠው። ‘ለገብሬ ስጪው፣ ሲያየው ይገባዋል። ይሄንንም ሻፍቱንም ስጪውና የፈለገውን ይምረጥ’ አለኝ። በጣም ሄቪ ነው። ምንድን ነው?”

ገብረመድኅን ሸሚዙን ፈታው። ድርብ መቆሚያው ነበር።

መጀመሪያ የፈለገው ስንጥቁን ነው። ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ መነጽሩን አውጥቶ ዳሰሰው፤ ወደ ብርሃን አዙሮ ዳሰሰው። ስንጥቅ የለም። ኖሮም አያውቅም። ብሎኖቹ ከነዳዶዎቻቸው በየቀዳዳቸው ተመልሰው ገብተዋል። ብረቱ በሙሉ ዘይት ተቀብቷል፤ ዘይቱም ገና ወዝ አለው። የቆየ ዘይት ይጠቁራል፣ ይደርቃል። ይሄ ግን በየጊዜው እየተጠረገ፣ እየታደሰ፣ ሲጠበቅ የኖረ ብረት ነው። ሊጣል የነበረ ዕቃ እንዲህ አይያዝም።

“ጋሼ?” አለች ሄራን።

ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ አባቷ ምን ብሎ እንደወሰደው ነገራት። ስትሰማ ቆየችና፣ “መቼ ነው የወሰደው?” አለች።

“አንቺ ለዩኒቨርሲቲ ማንችስተር የሄድሽ ጊዜ። በዚያው መስከረም።”

ሄራን አጥሩን ተደግፋ ቆመች። “ከዚያ፣ ዊክኤንድ ልምጣ ስለው ‘ቅዳሜ አይመቸኝም’ ይለኝ ነበር። ‘አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ፣ እኔ ሥራ አለኝ፣ ገብሬ ያለ እኔ አይሆንለትም።’ ኦኔስትሊ ጋሼ፣ እርስዎን አልወድዎትም ነበር። አባቴን የወሰዱብኝ ይመስለኝ ነበር።”

“እኔ ደግሞ እየረዳኝ ነው ብዬ…” አለ ገብረመድኅን።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ልጁ ስትሄድ ክሮይደን ያለው ቤት ባዶ ሆነ። ተክለአብ፣ “ቤቱ ጨነቀኝ፣ አብሬህ ልዋል” ማለት አይችልም ነበር፤ እንደዚያ ብሎ የሚያውቅ ወንድ በነሱ ዘመን አልተወለደም። ልጁንም፣ “ነዪልኝ” ብሎ ከትምህርቷ አላስተጓጎለም። ሰው ቤት ያለ ሰበብ አይኬድም፤ ስለዚህ በመፍቻ ሰበብ ሠራ። ሁለት ብሎን ፈትቶ፣ አሥራ ምናምን ዓመት ቅዳሜ አገኘ። ገብረመድኅን ‘ምነው በቀረ’ ያለባቸውን ዝናባማ ጠዋቶች አሰበ። ጎማ ማንሻውን አሰበ፤ ያልተበላውን እንቁላል አሰበ። ብረቱን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ መስኮት ፊት አለቀሰ። በቀብሩ ዕለት እንዲህ አላለቀሰም።

ሄራን መሐረብ ስትፈልግ ቆይታ አጣችና ሸሚዙን ሰጠችው፤ የአባቷን። ዘይት ዘይት ይሸታል።

ለቅሶው ከበረደለት በኋላ እሷ ነገሩን መልክ ልታስይዘው ሞከረች። ካምደን ባለው መሥሪያ ቤቷ ችግር መፍታት ነው ሥራዋ። “እሺ፤ ቤንጃሚን፣ ባለቤቴ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ይወዳል። መጥቶ ይገጥምልዎታል። ከዚያ ሰንሰለቱን ብቻዎን መሥራት ይችላሉ። ወይም ደግሞ ሻፍቱን ይወስዳሉ፤ እሱም ምንም ሥራ የለውም። በሁለቱም ማንንም ማስቸገር የለብዎትም።”

ማንንም። ገብረመድኅን ቁልፉን አየ፣ ብረቱን አየ። ወዳጁ ሲሞት ሁለት ዓይነት ብቸኝነት ሰጥቶት ምረጥ አለው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ከእንግዲህ የሚገፋልህ የለምና እንዳትቸገር ማለቱ ነው። ብረቱ ይገጥማል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ለዚያውም ቤንጃሚን አያስፈልግም፣ መፍቻው እዚሁ እግሩ ሥር ነው።

“አይገጥምም፤” አለ።

“ለምን?”

“ብየዳው ተሰንጥቋል። ይኸው፣ እዚህ ጋ።” ንጹሑን ብየዳ በጣቱ ጠቆማት።

ሄራን ጎንበስ አለች። ጣቷን በብረቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች። ደግማ አሳለፈች። ቀና ስትል የሽማግሌውን ፊት አየችው፤ እሱ ሰንሰለቱን ነበር የሚያየው።

“አዎ፤” አለች። “አየሁት።”

ኮቷን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለች። “ታዲያ ምንድን ነው የማደርገው?”

“ከኋላ ሆነሽ ትገፊያለሽ። ፈቀቅ ስልሽ ነው፤ በቃ ስልሽ መቆም ነው።”

መጀመሪያ ላይ አብዝታ ገፋችውና ብሩሹ ከእጁ አመለጠ። አባቷም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር። ቀስ በቀስ ለመደችው። ደረቁ እኩሌታ ጠጣ፣ ለሰለሰ። ብዙ አላወሩም፤ ሻፍት የሚያወድስ አልነበረም። ሲያልቅ ገብረመድኅን የሻፍቱን ቁልፍ መለሰላት። “ለባልሽ ስጪው፤ ቤንጃሚን ይንዳው። አያስቸግረውም።” ካፌ እንሂድ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ሰዓቷን ስታይ ተወው።

“የሚቀጥለው ቅዳሜስ?” አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ነገሩን እንደ ቀላል አድርጎ። “ሰንሰለት በየሳምንቱ ነው።”

“እናያለን ጋሼ፤” አለች ሄራን። አቅፋ ሳመችው፤ በዋናው መንገድ በኩልም ሄደች።

እናያለን የለንደን ሰው ቃል ነው፤ እሺም ሊሆን ይችላል፣ እምቢም። ገብረመድኅን ብረቱን ይዞ ወደ ቤቱ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፈ። የቆየውን ዘይት ጠርጎ፣ አዲስ ዘይት በጣቱ እያደረገ፣ ብየዳውን፣ ብሎኖቹን፣ ሁለቱን እግሮች ቀባ። በተክለአብ ሸሚዝ መልሶ ጠቀለለው። ከቁምሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ጀርባ፣ ቤቱ የመጣ ሰው እንዳያየው አድርጎ ደበቀው።

ከዚያ እጁን ታጥቦ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሉ ሳምንት አለ።